ሾላ በድፍን ያሉት ልብስ ሰፊ

ሰው ከሚሸሸው ነገር ጋር የሚገናኘው አቋራጭ ሲይዝ ነው። ልብስ ሰፊው ጋሽ ልኩ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከአናጢው የተዋሱትን መጋዝ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ዋናውን መንገድ ትተው በጓሮ ቅያስ ሲገሰግሱ፣ ማእዘኑ ላይ ከአንዲት ቀጭን ወጣት ጋር ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ጥቂት ቀራቸው። ወጣቷ እንደ እባብ የተጠቀለለ ረጅም የቱቦ መጥረጊያ ሽቦ በትከሻዋ አንግታለች። የቧንቧ ሠራተኛ ናት፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በማዕረግ የወጣች፤ ሰፈሩ ግን ማዕረጉን ትቶ “ሽቦ” ብሎ ነው የሚጠራት።

“እንደምን አደሩ ጋሽ ልኩ! ጥሩ ሆነ መንገድ ላይ አገኘሁዎት። ወደ እርስዎ ቤት ነው የምመጣው።”

“ወደ እኔ? ማን ጠራሽ?”

“ባለቤትዎ እትዬ ናቸዋ! ‘ቱቦአችን ተደፍኗል፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በይ’ ብለው ደወሉልኝ።”

ጋሽ ልኩ መጋዙን ወደ ጀርባቸው ደበቁ። ጋዜጣው ተቀደደና ጥርሱ ብቅ አለ።

ጋሽ ልኩ የተባሉት “ልኩን ልንገርህ” ሳይሉ ወሬ ስለማይጀምሩ ነው። ሜትሩ ከአንገታቸው አይወርድም። እንደሚወራው ከሆነ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ገብተው፣ ሟቹን በዓይናቸው ለክተው፣ “ይኼ ኮት ከትከሻው ሰፍቶታል” ብለዋል። በሌላም ያሟቸዋል፦ ጠዋት ተላጭተው ሽንት ቤት ከገቡ የሚወጡት ጢማቸው አድጎ ነው፤ ሱሪ ሊያስለካ የመጣ ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው ወፍሮ ልኩ ተለወጠ ይባላል። ሰፈር መቼም ሳይጨምር አያወራም።

ሰፈሩ ያልጨመረው፣ ስለማያውቅ ያልጨመረው፣ አንድ ነገር ግን ነበር። ከአራት ወር ወዲህ ጋሽ ልኩ ሽንት ቤት ደም ያያሉ። ሆዳቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ ያምጣሉ፣ ይደማሉ፤ ደሙን ከሱቃቸው ወለል በሰበሰቡት ቁራጭ ጨርቅ ይጠርጉና ጨርቁን እዚያው ጥለው ውኃ ለቀውበት ይወጣሉ። ይህን ለሚስታቸው ቀርቶ ለትራሳቸው አልነገሩም። ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይልቅ ሐኪሙ የሚላቸውን ቃል በልባቸው እየገመቱ አራት ወር ከረሙ።

ጨርቅ ግን ጨርቅ ነው፤ አይሟሟም። ያለፈው ሳምንት ውኃው ወደ ላይ መመለስ ሲጀምር ሚስታቸው፣ እትዬ፣ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ልኩም ሳያስቡት “የጓሮው በለስ ነዋ! ሥሩ ቱቦውን በልቶት ነው፣ መቆረጥ አለበት” አሉ። በለሱን እትዬ ናቸው ከአንድ ቅርንጫፍ ተክለው ሃያ ዓመት ያሳደጉት። “ይታይ፤ ሥሩ ከሆነ መጋዙን እኔው ራሴ እይዘዋለሁ” አሉ። ያ “ይታይ” ለጋሽ ልኩ አልጣማቸውም። ስለዚህ እትዬ እስከ ስድስት ሰዓት እህታቸው ዘንድ እቆያለሁ ብለው ሲወጡ፣ እሳቸው ዛፉን ሊገነድሱ፣ ቱቦውን በእጃቸው ሊጠርጉ፣ ጨርቁንም ሊቀብሩ ወሰኑ። ውሸት አንዴ ከተወለደች ልብስ ግዙልኝ፣ ጫማ ግዙልኝ ማለቷ አይቀርም።

ጓሮ እንደ ደረሱ ሽቦ የቱቦውን ክዳን በዓይኗ ፈለገች። ጋሽ ልኩ ቀድመዋት ነበር። ክብ የብረት ክዳኑ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡበት፤ መጋዙን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

“ይነሱልኝ ጋሼ፣ ክዳኑን ልክፈተው።”

“ልኩን ልንገርሽ፦ አይከፈትም። ጣጣው ከላይ እንጂ ከታች አይደለም። ይኼን ዛፍ ብቻ እንገንድሰው፣ ቱቦው በራሱ ጊዜ ይተነፍሳል።”

“ዛፍ ሲቆረጥ ቱቦ የሚከፈት ቢሆንማ ሽቦ ተሸክሜ ምን አዞረኝ? ምሳር እይዝ ነበር።”

“ምላስሽ ከሽቦሽ ይረዝማል!”

“ሥራው ነው ጋሼ። ይልቅ ዛፉ ምን በደለ? ክሱን ያሰሙኝ። ለሞት የተፈረደበት ሁሉ ጠበቃ ይገባዋል።” ባልዲ ገልብጣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

ጋሽ ልኩ በመስኮቱ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። አራት ተኩል። በክርክር ካደከሟት ትሄዳለች ብለው አሰቡ። ከወጣት ጋር ተከራክሮ አድክሞ የሚሸኝ ሽማግሌ ግን እስካሁን አልተወለደም።

በለሱ በላያቸው ቆሟል። እሾሃሙ የቁልቋል ዘር አይደለም፤ ቅጠሉ የተዘረጋ መዳፍ የሚመስለው፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት የሚያነባው ነው።

“አንደኛ” አሉ ጋሽ ልኩ ጣታቸውን አንስተው፣ “ሃያ ዓመት ሙሉ በመስኮቴ ሳየው አንድ ቀን አላበበም። ሳያብብ ያፈራል! ሳይታጩ መውለድ ማለት ነው። ይኼ የጨዋ ዛፍ ነው?”

ሽቦ ብድግ ብላ አንገቱን የደፋ፣ የለሰለሰ አንድ በለስ ቀጠፈች። በቧንቧ ውኃ አጠበችና በኪስ ቢላዋዋ ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ ቀይ ክር በቀይ ክር ሆኖ አበራ።

“አበባው ይኸውልዎት። ይኼ ክር ክሩ ሁሉ፣ እያንዳንዱ አንድ አበባ ነው። እርስዎ ልብስ ሰፊ አይደሉ? ገበር ያለው ኮት ይሉታል ይኼን። ጌጡን ወደ ውስጥ አድርጎ የተሰፋ!”

ጋሽ ልኩ ስፌት ሊመረምሩ ጎንበስ አሉ። እውነትም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክር አልተሳሳተም። ሊያደንቁ ከንፈራቸው ሲላወስ ከበታቻቸው እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም አስደነገጣቸው፤ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

“ሁለተኛ! ይኼን ተመልከቺ።” እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ የጠቆረ ጠባሳ አለ። “ዓምና ቅርንጫፉን ስቆርጥ ወተቱ የነካኝ ነው። እንደ እሳት ነው የላጠኝ! አንዴ ደግሞ አረንጓዴውን ፍሬ ብቀምሰው ከንፈሬ አብጦ ሦስት ቀን ሰው ሲያናግረኝ ትራስ ጎርሼ የማወራ ነበር የምመስለው። ቆዳን እንዲህ ያደረገ አንጀትን ምን ይለዋል?”

“ወተቱ እውነት ነው ጋሼ፣ አልክድም። በተለይ ወተቱ ነክቶዎት ፀሐይ ላይ ከቆሙ ቆዳ ይልጣል። ሲቆርጡ ክንድዎ ራቁቱን ነበር አይደል?”

“ሙቀት ነበራ!”

“እጅጌ ለብሶ መቁረጥ ነው፤ ከነካም ወዲያው በሳሙና መታጠብ። ጥሬውን አለመብላት ነው። ሲበስል እንዲህ አንገቱን ይደፋል፣ ወተቱም ከፍሬው ይጠፋል። ካውያ እጅዎን ያቃጠለዎት ቀን ልብስ መተኮስ ተዉ?”

ጋሽ ልኩ እጃቸውን ደበቁ። ካውያ ስንት ጊዜ እንዳቃጠላቸው ጣቶቻቸው ይመሰክራሉ። ሰዓቱ አምስት ሊሆን ነው። ላባቸው በአንገታቸው ወረደ።

“ሦስተኛውን ግን አትመልሺውም። የአባቶች ቃል ነው፦ ሾላ በድፍን! ከከፈትሽው ትል ነው፤ ካልከፈትሽው ማር ነው። በለስስ የሾላ የአክስቱ ልጅ አይደለም?”

“ዝምድናው ልክ ነው። ተረቱ ነው የማይጥመኝ። ትል ካለበት ጋሼ፣ ባይከፍቱትም እኮ ይበሉታል! አለማየት ትሉን አይገድለው። መክፈት ነው፤ ንጹሕ ከሆነ መጉረስ፣ ትል ካለው መጣል። የወደቀውንና የበሰበሰውን ደግሞ አለማንሳት።”

ይህች ቃል በለስ ላይ የተወረወረች ብትሆንም ያረፈችው ጋሽ ልኩ ደረት ላይ ነው። አለማየት ትሉን አይገድለው። አራት ወር ሙሉ ያደረጉት ይኼንኑ አልነበረም? ከግራ ጎናቸው ወደ ቀኝ ተዘዋወሩ፤ እንደገና ወደ ግራ።

ሽቦ የከፈለችውን በለስ አንዱን ግማሽ ልትጎርስ አፏ ዘንድ አድርሳ ተወችው።

“ጋሼ፣ ለምንድን ነው በአንድ ጎን የሚቀመጡት?”

“ወገቤን ነው።”

“ወገቡን የታመመ እንዲያ አይቀመጥም።”

“ልኩን ልንገርሽ፣ አንቺ ልጅ! የመጣሽው ለቱቦ ነው ወይስ ለእኔ መቀመጫ?”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አልሳቀችም።

“አባቴ ነበር እንዲያ የሚቀመጠው” አለች ዝግ ብላ። “የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ቀኑን ሙሉ ቁጭ፤ መንገድ ላይ ሽንት እንዳይይዘው ብሎ ውኃ አይጠጣም። በኋላ በአንድ ጎኑ መቀመጥ ጀመረ። ‘ምንድን ነው አባዬ?’ ስንለው፣ ‘ወገቤን ነው’። ሁለት ዓመት ወገቤን ነው አለን። ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ሐኪሙ፣ ‘ምነው አምና አምጥታችሁት ቢሆን’ አለ። የእሱ ክፉው በሽታ ነበር። የእርስዎም እሱ ነው አልልም፤ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። የሚያስፈራው እሱ ነው ጋሼ፣ አለማወቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።”

አንድ የበሰለ በለስ ከላይ ጠብ ብሎ መጋዙ ላይ ወደቀ። ጋሽ ልኩ መጋዙን አዩት፤ ሰዓቱን አዩት፤ ልጅቷን ማየት ግን አቃታቸው። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ከክዳኑ ላይ ተነሡ። ስልሳ ሦስት ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንደዚያ የከበደ ነገር ከመቀመጫቸው አንሥተው አያውቁም።

ሽቦ ክዳኑን ከፈተች። ሽቦውን ወደ ጨለማው ለቀቀች፣ አሽከረከረች፣ ገፋች። የሆነ ነገር ያዘላት። እግሯን ተክላ ሳበች።

ሥር አልነበረም። አንድም ክር የሚያህል ሥር አልነበረም። መጀመሪያ የካኪ ቁራጭ ወጣ፤ ቀጥሎ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ፤ ከዚያ የሙሽራ ልብስ ነጭ ገበር። የሰፈሩ ቁም ሣጥን እንዳለ ከመሬት ሥር የሚወጣ እስኪመስል ተከታትሎ መጣ። ነጩ ላይ ቡናማ ቀለም ተጋግሯል። ልጅቷ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አልፈለገችም።

“ልጄ” አሉ ጋሽ ልኩ፤ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። “ልለምንሽ። ይኼ ነገር በእኔና ባንቺ ይቅር። ሾላ በድፍን ይሁን።”

የውጭው በር ሲጢጥ አለ።

እትዬ ናቸው። ስድስት ሰዓት አልሞላም፤ ግን እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ ጓሮ ገብተው ቆሙ። ያልተቆረጠውን ዛፍ አዩ፣ መጋዙን አዩ፣ የጨርቁን ክምር አዩ።

“ሥር ነው?” ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ልኩ በዓይናቸው ልጅቷን ለመኑ። አንድ “አዎ” ትበቃቸው ነበር።

ሽቦ እጇን በጨርቅ ጠረገች። “እኔ የማወጣውን አውጥቻለሁ እትዬ። የቀረውን ጋሼ ያወጡታል።”

ጋሽ ልኩ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው በጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። በመጨረሻ ተናገሩ። ደሙን ተናገሩ፣ ጨርቁን ተናገሩ፣ አራት ወሩን ተናገሩ። እትዬ ባልዲው ላይ ተቀመጡ።

“አራት ወር?”

“አራት ወር።”

“እኔ እኮ... እኔ እኮ ሌላ ሴት ያዘ ብዬ ነበር!” እትዬ ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈፉ። “ስልኩን ይዞ ሽንት ቤት ይገባል፣ አንድ ሰዓት አይወጣም! ዛሬም እህቴ ዘንድ የሄድኩት እሱን ልማከር ነው!”

“ሴት? እዚያ ውስጥ?” አሉ ጋሽ ልኩ በጣም ተገርመው። “ለራሴ አልበቃኝም እኮ!”

“ዝም በል አንተ ሽማግሌ!” በነጠላቸው ጫፍ ትከሻቸውን መቱት፤ መልሰው በዚያው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። “ሌላ ሴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።”

ሰኞ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ መረመራቸው፤ ለሌላ ምርመራም ላካቸው። ውጤቱ እስኪመጣ ስምንት ቀን ነበር። በእነዚያ ስምንት ቀናት ጋሽ ልኩ የአንድ ሱሪ አንዱን እግር አስረዝመው ሰፉ፤ ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳለ ሲፈልጉት ዋሉ። በዘጠነኛው ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበላቸው፦ ክፉው ነገር የለም። ኪንታሮት ነው፤ ያመጣውም ቁጭ ብሎ መዋል፣ ውኃ መጥላትና የሆድ ድርቀት ነው። ውኃ ይጠጡ፣ ይንቀሳቀሱ፣ አሰር ያለው ምግብ ይብሉ፣ ሽንት ቤት ብዙ አይቀመጡ፤ ደሙ ከቀጠለ ተመልሰው ይምጡ።

ያን ዕለት ሽቦ ልትጠይቃቸው መጣች። ጋሽ ልኩ ከሞት የተረፉ ቢሆንም ከክርክር አልዳኑም።

“እሺ፣ አሰር አለ። አሰር ማለት ምንድን ነው? ልኩን ንገሪኝ።”

“አባቴን ሳስታምም ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ሆድ የማይፈጨው የተክል ክር ነው። ሳይፈጭ ያልፋል፤ ሲያልፍም ውኃ ይዞ ያለሰልሳል። ቱቦ ውስጥ እኮ ደረቁ ነው የሚጣበቀው፤ ውኃ የያዘ ነገር ተንሸራቶ ይሄዳል። በለስ ደግሞ በዚህ አይታማም፣ ያቺ ፍሬ ፍሬዋ ሁሉ አሰር ናት። ግን ውኃ ካልጠጡበት ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ይብሳል።”

“አንጀት ብቻ ነው እንዴ ጥቅሙ?” አሉ እትዬ፤ ዛፋቸው ሲሞገስ ደስ ብሏቸው።

“ኧረ እትዬ! ካልሲየም አለው፣ ለአጥንት የሚሆነው፤ ወተት ለማይስማማው ሰው ይረዳል። ፖታሲየምም አለው፣ ጨው ያበዛ ሰው የደም ግፊቱ እንዳይወጣ የሚያግዝ። ከረሜላ ለሚወድ ሰው ደግሞ ጣፋጩ ከነአሰሩ ነው።”

“እንግዲያው ባልዲ ሙሉ እበላለሁ!”

“ባልዲ ሙሉ ከበሉማ ጋሼ፣ ያኔ ደግሞ ከሽንት ቤት የሚያወጣዎት የለም! በቀን ሦስት አራት ይበቃል። በተለይ የደረቀው ስኳሩ የተከማቸ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ልክ ይወቅ፣ ኩላሊቱን የታመመ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያብዛ። ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ሐኪሙ ዘንድ ሳይሄዱ በለስ ብቻ በልተው ቢሆን፣ እኔ ራሴ ዛፉን እቆርጠው ነበር።”

ጋሽ ልኩ አመኑ ማለት አይቻልም። ልብስ ሰፊ ሳይለካ አያምንም። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፈው በየቀኑ ስንት በለስ እንደበሉ፣ ስንት ብርጭቆ ውኃ እንደጠጡ፣ ስንት ደቂቃ ሽንት ቤት እንደቆዩ ጻፉ። እትዬ የበሰለውን ከፍለው፣ ከሙሽራ ልብስ በተረፈ ቬሎ ከዝንብ ሸፍነው ፀሐይ ላይ አደረቁ፤ የደረቀውንም ማታ ውኃ ውስጥ ነክረው ጠዋት አቀረቡ። መጀመሪያው ሳምንት ሃምሳ ደቂቃ ይላል። ሁለተኛው ሳምንት ሃያ። በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ልኩ ጋዜጣ ይዘው ገብተው ርእሱን ሳይጨርሱ ወጡ፤ ደንበኛው ሱሪው ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ደግሞም ሳይወፍር ተመለሰ። ደሙ ቆመ። ወንበሩ ላይ በሁለት ጎናቸው ተቀመጡ።

“በለስ ቀናቸው” አለ ሰፈሩ። ለአንድ ጊዜ ሳይጨምር።

መጋዙን ለአናጢው የመለሱት ያኔ ነው። አናጢው ከሁሉ የበለጠ የሚያላግጥባቸው ሰው ነበር።

“ምነው ጋሽ ልኩ፣ ዛፍ ይቆርጣሉ ብዬ ሳበቃ ዛፍ ጠባቂ ሆኑ አሉ? ይቀመጡ እንጂ።” በርጩማ ገፋላቸው። እሱ ግን ቆመ።

ጋሽ ልኩ ተቀመጡ። “አንተስ?”

“እኔ ደህና ነኝ።”

“ሌላም በርጩማ አለ።”

“መቆም ለምጄ ነው።”

ጋሽ ልኩ ዓይናቸውን ከእግሩ እስከ ወገቡ ወሰዱት፤ እንደ ደንበኛ ለኩት። አናጢው አንድ እግሩን አሳርፎ፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ከንፈሩን ነክሶ ነበር የቆመው።

“ወገቤን ነው” አለ አናጢው ሳይጠየቅ።

ጋሽ ልኩ በሩን ገርበብ አደረጉ። ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለች የበሰለች በለስ አወጡና በእጁ አስጨበጡት።

“ልኩን ልንገርህ፣ ወንድሜ” አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “በድፍን አይበላም። ክፈተው። ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።”